ስለሚያበራው የቁስል ልጣፍ፣ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ወንበር የተደላደለ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል የተኛችውን የስኳር ታማሚ እናቴን የማስታምም ልጇ ስሆን፣ ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው።

በእናቴ እግር ቁስል ላይ የተለጠፈው አዲሱ ስስ ፕላስቲክ፣ ጎጂ ባክቴሪያ ሲገባበት በልዩ መብራት አረንጓዴ ሆኖ እንደሚያበራ በልጣፉ ምረቃ ዕለት በራስዎ አንደበት አስረድተውናል። እውነትም በራ። ስለዚህ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ልዩ መብራቱ እንዳይሰረቅብን አስበው በቢሮዎ ስለቆለፉልን አመሰግናለሁ። የሚያስጎበኙት እንግዳ በሌለ ቀን፣ ነርሷ ጸሐፊዎ ዘንድ ደጅ ጠንታ ታመጣዋለች።

፪ኛ፦ የበራ ልጣፍ ሁሉ ወዲያው በአዲስ እንዲቀየር ስላዘዙም እንዲሁ። አዲሱ እስኪያበራ ጊዜ ስለሚወስድበት፣ ጠዋት በሚጻፈው ሪፖርት ላይ ክፍላችን ከባክቴሪያ ነጻ ነው። የእናቴ እግር ግን ሪፖርቱን ስላላነበበ እብጠቱን ቀጥሏል።

፫ኛ፦ ባክቴሪያውን የሚገድለው ጠንካራ መድኃኒት ያለ ላቦራቶሪ ውጤትና ያለ እርስዎ ፊርማ እንዳይሰጥ መወሰንዎ አስተዋይነትዎን ያሳያል። ሐኪሙ ጠይቀዋል፣ ነርሷም ጠይቃለች፣ እኔም በርዎ ላይ ቆሜ ውያለሁ። ላቦራቶሪው ዕቃ ስላለቀበት ውጤት የለም፤ እርስዎም ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ፊርማ የለም።

እናቴ አረንጓዴውን ስታይ፣ «እሰይ ልጄ፣ አረንጓዴ ከሆነማ ድኛለሁ ማለት ነው» አለችኝ። ምን ልበላት? አዎ እማዬ ብያት ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ድሮ ባክቴሪያው ሳናየው ይጨርሰን ነበር፤ ዛሬ በእርስዎ ጥረት እያየነው ነው። ከማየት በቀር ምን እንደማደርግ ግን ጨንቆኛል።

ይህችን ለማንበብ ከስብሰባዎ ለሚቆርሷት ደቂቃ ከወዲሁ እጅ እየነሳሁ፣ በርዎ እስኪከፈት በትዕግሥት የምጠብቅ፣

የታማሚዋ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ በርዎ አልከፈት ቢለኝ ደብዳቤውን ለጋዜጣ ልሰጥ ስል ሐኪሙ ጠርተው፣ የእናቴ እግር ከጉልበት በታች መቆረጥ እንዳለበት ነገሩኝ። የእርስዎ ፊርማ እስኪገኝ ልጠብቅ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ለዚህኛው ያንቺ ብቻ ይበቃል» አሉኝ። ፈረምኩ።