“ይህቺ ልጅ እየተወነች አይደለም”፦ የሐያሲዋ የወ/ሮ ጽጌሬዳ በርናባስ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ጽጌሬዳ በርናባስ ከአባታቸው ከአቶ በርናባስ ሱጋሞና ከእናታቸው ከወ/ሮ ካሰች ዳንጊሶ በ1970 ዓ.ም. በሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩና ቴሌቪዥን ቤታቸው አልገባም፤ በልጅነታቸው የጎረቤቱን በመስኮት ቆመው ያዩ ነበር። ድምፁ ስለማይደርሳቸው የተዋናዮችን ፊት ማንበብ የለመዱት ያኔ ነው።

በ1993 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመርቀው ጥቂት ዓመታት አስተማሩ። ከዚያ ማስተማሩን ትተው ለጋዜጣና ለሬዲዮ የፊልምና የድራማ ሂስ እየጻፉ ይኖሩ ጀመር፤ የየትኛውም ድርጅት ቋሚ ሠራተኛ አልነበሩም። በ1997 ዓ.ም. ከአቶ ታምሩ ደረሰ ጋር ተጋብተው ሀሴትንና ሮቢን ወለዱ።

ወ/ሮ ጽጌሬዳ ደፋር ሴት አልነበሩም። ውሻ ይፈራሉ፣ ባጃጅ ሲፈጥን “ቀስ በል፣ የኔ ልጅ” ይላሉ፤ ሐይቁ ዳር ተወልደው ጀልባ ላይ አንድም ቀን አልወጡም። ይህን ማንሣታችን የሆነውን ለመረዳት ስለሚያስፈልግ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ከተማው ሁሉ የሚያየው አንድ ተከታታይ ድራማ ነበር። ፌቨን የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ስታለቅስበት ተመልካቹም አብሯት ያለቅስ ነበር። ጽጌሬዳ ግን አላለቀሱም፤ እንደ ልጅነታቸው ፊቷን አነበቡ። ልጅቷ የምታየው አብራት የምትተውነውን ሴት ሳይሆን ከካሜራው ጀርባ የቆመ ሰው ነበር። “ይህቺ ልጅ እየተወነች አይደለም፤ ፈርታለች። ማንን እንደምትፈራ አዘጋጆቹ ይንገሩን” ብለው በጋዜጣ ጻፉ።

ስልክ ተደወለ። የማያውቁት ወንድ በለሰለሰ ድምፅ፣ “ሮቢ ከትምህርት ቤት የሚወጣው በየትኛው በር ነው?” ብሎ ዘጋ።

ከዚያ ወዲህ የቤታቸው መጋረጃ በቀንም የማይገለጥ ሆነ። ልጆቹን ራሳቸው እያደረሱ ራሳቸው ይመልሱ ነበር፤ ከኋላ የሚመጣ ባጃጅ ሁሉ የሚከተላቸው ይመስላቸዋል። ጋዜጣውም ጽሑፋቸውን ማውጣት አቆመ። አቶ ታምሩ፣ “በቃ ተይው፤ የሰው ልጅ እናድን ስንል የራሳችንን እንዳናጣ” አሏቸው። ተዉት። ድራማው ግን አልተዋቸውም፤ ያቺ ልጅ በየሳምንቱ ትመጣለች፣ ያንኑ ሰው ታያለች። የራሳቸውን ቴሌቪዥን ቢያጠፉ የጎረቤቱ ይሰማል።

እናታቸው አንድ ቀን፣ “ፈርተሻል?” ብለው ጠየቋቸው።

“በጣም፣ እማዬ። እህል አልወርድ ብሎኛል።”

“ልጅቷስ?”

በዚያው ሳምንት ሬዲዮ ጣቢያ ሄደው ያንኑ ሂስ አነበቡ።

ሲወጡ በር ላይ አንዲት ሴት ጠበቀቻቸው። የደወለው ሰው የላካት መስሏቸው ወደ ኋላ ሸሹ። ሴትየዋ ሳያት የምትባል የፌቨን እናት ነበረች። “እንድታለቅስላቸው ከቀረጻ በፊት ጨለማ ክፍል ይዘጉባታል። ብናገር ምን ያደርጉን ይሆን ብዬ ዝም አልኩ” አለቻቸው። ሁለቱ ፈሪዎች ተደጋግፈው ለሚመለከተው ክፍል አመለከቱ፤ ልጅቷም ከድራማው ወጣች። የተከሰሰ ግን አልነበረም። የደወለውም ማን እንደሆነ አልታወቀምና ወ/ሮ ጽጌሬዳ ከማያውቁት ቁጥር የሚመጣ ስልክ ዳግመኛ አንሥተው አያውቁም። ሂስ መጻፋቸውን ግን ሕመም እስኪያስቆማቸው ድረስ አላቋረጡም።

በ2016 ዓ.ም. ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። ያኔም መፍራታቸውን አልደበቁም፤ ሊጸልዩላቸው የመጡትን ሁሉ፣ “ትንሽ ቆዩ፣ ብቻዬን አትተዉኝ” ይሉ ነበር። ማንም ብቻቸውን አልተዋቸውም። ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም. እጃቸው በልጃቸው በሀሴት እጅ እንደተያዘ በተወለዱ በ48 ዓመታቸው ዐረፉ።

አባታቸው ቀድመዋቸዋል። እናታቸውን ወ/ሮ ካሰችን፣ ባለቤታቸውን አቶ ታምሩን፣ ሀሴትንና ሮቢን እንዲሁም ወንድማቸውን አቶ አልአዛርን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን አንዳች የሚያስፈራ ነገር በሌለበት ቤቱ ያሳርፍ፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።