ከስምሽ ቀጥሎ

ማርልቦሮ፣ ካልጋሪ፤ ጥር 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእሌኒ ወልደየስ፤ በርሊን ባለሽበት እመብርሃን እጅሽን ይዛ ታውልልኝ። እኔ ከኀዘኑ በቀር ደኅና ነኝ።

የአባትሽን አርባ እሑድ አወጣን። አቫንጋርድ ስለሚባሉት፣ የድሮውን አሣሣል ጥሰው ስለወጡት ሠዓሊዎች የጻፍሽው መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጎረቤታችን ጋሼ ኪራኮስ ሽፋኑ ላይ ያለውን ቀይ አራት ማዕዘን አይተው፣ «ኢየሩስ፣ ይሄንንማ የእኔም የልጅ ልጅ ትሥለዋለች!» አሉኝ።

«ዛሬማ ትሥለዋለች፤ ያን ጊዜ ማን ደፈረ?» አልኳቸው። ሳቁ። መልሱን የተማርኩት ከአባትሽ ነው። መጽሐፍሽን ከመሪው አጠገብ አድርጎ፣ ታክሲው ውስጥ ለገባ ሁሉ «የልጄ ነው» እያለ ያሳይ ነበር።

ሁለተኛውን መጽሐፍ አቋርጬ፣ ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ ያልሽኝን ተዪው፣ ልጄ። እኔ ሰው አላጣሁም። የአባትሽ ስም ከታክሲው ተነሥቷል፤ ከስልክ ደብተሩም ይነሣል። አንቺ ስትጽፊ ግን ከስምሽ ቀጥሎ እሱ ይታተማል። እኔ ይህቺን ወረቀት ለመሙላት ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ አንቺ መጽሐፍ የምትጽፊ ልጅ ነሽ።

እግዚአብሔር ዓይንሽን ይጠብቅልኝ። ሲታተም ሁለት ላኪልኝ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ታክሲውን አሁን ለሚነዳው ለየሺዋስ። ከመሪው አጠገብ ያስቀምጠዋል።

እናትሽ ኢየሩስ