የፍየል ፀረ ጥንቸል

የካቲት 3
ላቦራቶሪ ውስጥ ብልቃጥ ሳጥብ ዋልኩ። ማቀዝቀዣውን ስወለውል መለያዎቹን ማንበብ ልማዴ ነው። «የፍየል ፀረ ጥንቸል»፣ «የአህያ ፀረ ፍየል»... ጥንቸሏ ፍየሏን ምን ብትበድላት ነው? አህያውንስ ምን ጥልቅ አደረገው?
ዶክተሯን ጠየቅኋት። በሳቅ ፈረሰች። «ፀረ እንግዳ አካል ነው እማማ፤ ከእንስሳ ደም የምናወጣው ጠቋሚ። የምንፈልገውን ፕሮቲን ብቻ ጥብቅ አድርጎ ይይዝና ‹ይኸውላችሁ› ይለናል።»
ጠቋሚ... ቃሉ አልጣመኝም።
ማቀዝቀዣው በር ላይ ያ ወረቀት ዛሬም አለ። «የቀድሞው ዕቃ ጠባቂ ይህን በር እንዳይከፍት።» ዕቃ ጠባቂው ባለቤቴ ነው። ከሞተ ስድስት ዓመቱ።

የካቲት 5
ዶክተሯ የምታጠናው ሳይማር የሚዋጋውን የሰውነት መከላከያ ነው። አይቶት የማያውቀውንም ጠላት ይገጥማል አለች። እንደኔ ንባብ... ያለ አስተማሪ።
ጠቋሚዎቹን ሁሉ ልትፈትን ነው። ፕሮቲኑ ጨርሶ የሌለባቸው ሴሎች ላይ ትጨምራቸዋለች። «የሌለውን ‹አየሁ› ያለ ውሸታም ነው።»
የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ከማቀዝቀዣው በረዶ ስጠርግ የሁለት ብልቃጦች መለያ ረገፈ። የቱ የየትኛው እንደሆነ ሳላውቅ በግምት ለጠፍኩ። ከዚያ የምርምሩ ውጤት ሁሉ ተገለባበጠ። «ዕቃ ጠባቂው አበላሸው» ተባለ። ባለቤቴን ከቦታው አንስተው ዘበኛ አደረጉት። እኔስ? ዝም። እሱ «ምን አጠፋሁ?» እንዳለ ሞተ።

የካቲት 8
አልቻልኩም። ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ተናዘዝኩ።
«በግምት?» አለኝ።
«በግምትና በሙጫ፣ ጌታዬ።»

የካቲት 12
ውጤቱ ወጣ። ከአርባ ሁለት ብልቃጥ እውነት የተናገሩት ሁለት ብቻ። የኔዎቹ! ከአምራቹ ሲመጡ መለያቸው ተቀያይሮ ኖሯል፤ ግምቴ አቃናው።
«ያኔ የተበላሸ ነገር አልነበረም እኮ እማማ» አለች ዶክተሯ፤ «ትክክል ሲሆንብን ነው የደነገጥነው።»
የተቀጣውስ?

የካቲት 15
ኮሚቴ ተቀመጠ። የቀሩትን አርባ መለያዎች ልጬ፣ በግምት መልሼ እንድለጥፍ ተወሰነ። «እጅዎ የተባረከ ነው» አሉኝ። ዶክተሯ ፊቷን ሸፈነች።
የበሩ ወረቀት ይነሳልኝ አልኩ።
«ባለቤትዎ በአካል ቀርበው ያመልክቱ።»
«ሞቷል።»
«እንግዲያው ውክልና ይስጥዎት።»

የካቲት 16
አርባውን አልነካሁም። ወረቀቱን ግን ላጥኩት። በጥፍሬ ጫፍ ብነካው ለቀቀ... የእነሱ ሙጫ እንዲህ ነው። በሩን በእሱ ፈንታ ወለል አድርጌ ከፈትኩት።
«ምን አጠፋሁ?» ይለኝ ነበር።
«ምንም። የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት፣ ጮክ ብዬ። ፍየሏም ጥንቸሏም ሰሙ።