ሻጯ እህቴ ናት

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለእትዬ ሙኒራ፤ ኖሪልስክ።

አሰላሙ ዓለይኩም እትዬ። እንዴት ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ነው፣ ካምናው ብርድ ወዲህ ትንሽ ለቀቅ አደረገሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ትይዣለሽ? ባልሽ ራሺትስ ሳሉ ተሻለው? ልጅሽ ዲናራስ ከነሕፃኗ ደህና ናት? እዚያ ፀሐይ የማትወጣበት ወር መግባቱን ሳስብ ሆዴ ይባባል። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ስልክ እንደማታነሺልኝ ስላወቅሁ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ። ብትቆጪም እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፤ ከዚያ በኋላ ምድጃ ውስጥ ብትከቺው ምንም አልልም።

ያው ሥራዬ አልተቀየረም፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቼ የወተት ቦቴዬን አሞቃለሁ፣ ዘጠኝ መንደር ዞሬ ወተቱን ፋብሪካ አደርሳለሁ። ክረምቱ ቶሎ ገብቷል። ዘንድሮ እንደ ድሮው አልሆንኩም እትዬ፣ ደክሞኛል። ዛሚራ «ባሌ ከመኪናው ቀድሞ አረጀ» እያለች ትስቅብኛለች። ልጃችን ሳሪያ ትምህርቷ ጥሩ ነው። ጣሪያው ግን ያፈሳል፤ ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣውም ከሱ ነው።

እናታችን ካረፈች በኋላ ቤቱ ለሁለታችን እኩል ሲደርሰን የሆነውን መቼም አልረሳሽም። በወጋችን የአባት ቤት የታናሹ ወንድ ነው፤ እህት ድርሻዋን ትተውለታለች፣ እሱም ዕድሜ ልኩን በሩን ይከፍትላታል። አንቺም ልትተዪልኝ ነበር የመጣሽው። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ያ ጡብ የቆመው ከብርዱ አገር በላክሽው ገንዘብ ስለሆነ ግማሹን በነጻ መውሰድ ነውር መስሎኝ «ድርሻሽን እገዛለሁ» አልኩ። ለወግ ያህል አልነበረም፤ ተበድሬም ቢሆን ከፈልኩ። አንቺ ግን ፊትሽ ጠቆረ። ውል ማዋዋያው ቢሮ በር ላይ ሆነሽ «እንግዲህ በአባቴ ቤት ካፖርቴን የምሰቅልበት ምስማር እንኳ የለኝም ማለት ነው» አልሽኝና በዚያው ወደ ባቡር ጣቢያ ሄድሽ። እኔ ደህና ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ይኸው ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። አምና የላክሁልሽ ዝይም ከፖስታ ቤት ወሳጅ አጥቶ በየካቲት ተመልሶ መጣ፤ ዛሚራ ሣጥኑን ስታየው አለቀሰች።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ በረዶው ሲቀልጥ የጓዳው ጣሪያ ለቀቀ። ጎረቤታችን ሻውካት ስጠግን አግዞኝ ሲያበቃ «አንተ ቤት ገዝተሃል አይደል? መንግሥት የሚመልስልህ ገንዘብ አለ እኮ!» አለኝ። ቤት የገዛ ደሞዝተኛ ከከፈለው ውስጥ ከመቶ አሥራ ሦስቱ፣ ከደሞዙ ከተቆረጠው ግብር ላይ ይመለስለታል። ሻውካትም በዚያው ገንዘብ ነው አጥሩን ያሠራው። ሒሳቡን ስናሰላው ለአዲስ ቆርቆሮ ከነምስማሩ ይበቃናል። ዛሚራ ያን ቀን አረንጓዴ ይሁን ቀይ እያለች ቀለም መምረጥ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ያለውን አትጠይቂኝ። ወረዳው ከተማ ወዳለው ግብር ቢሮ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ። የተራ ቁጥር ይዤ ስጠብቅ፣ ቁጥሬ ሲደርስ የምሳ ሰዓት ሲሆን፤ የደሞዝ ማስረጃው የአንድ ዓመቱ ጎሎ ሲመልሱኝ፤ የገንዘብ መቀበያው ወረቀት ላይ ያንቺ ፊርማ ደብዝዟል ሲሉኝ። በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን አለችኝ፣ እሷም እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አለቀች።

በአምስተኛው ይመስለኛል፣ ነሐሴ ላይ፣ ወረቀቱ ሁሉ ሞላ። ባለሙያዋ የዲናራ እኩያ ብትሆን ነው፣ ጨዋ ልጅ ናት። ውሉን ስታገላብጥ ቆየችና «ጋሼ፣ የእርስዎና የሻጯ የአባት ስም አንድ ነው። ትዛመዳላችሁ እንዴ?» አለችኝ። ለምን ትጠይቂኛለሽ ብላት ከወላጅ፣ ከልጅ፣ ከወንድምና ከእህት የተገዛ ቤት ግብር እንደማይመለስበት ነገረችኝ። «የእናት ልጆች እርስ በርስ ገንዘብ ተሰጣጡ ቢባል የሚያምን የለም፣ ለማስመሰል ነው ይባላል» አለች። ቀጥላም «የቤተሰብ ስማችሁ ይለያያል። ካልተዛመዳችሁ አንድ መስመር ይጻፉልኝና ላሳልፈው» ብላ ነጭ ወረቀት ገፋችልኝ። አንቺ የባልሽን የቤተሰብ ስም መያዝሽን አላወቀችም።

ሻውካት ኮሪደር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ወጥቼ ሳማክረው «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ጻፍ እንጂ! ወረቀት ምን ያውቃል? እሷ እንደሆን ከተኳረፋችሁ ዓመት አለፋችሁ፣ እህትህ መሆኗንስ ማን አየ?» አለኝ።

እትዬ፣ ጻፍኩት። «ከሻጯ ጋር ምንም ዝምድና የለንም» ብዬ በዚህ በእጄ ጽፌ ፈረምኩ። ከሻውካት በቀር ለማንም አልተናገርኩም፣ ለዛሚራም። ያኔ ደክሞኝ ነበር፣ ቆርቆሮው ታይቶኝ ነበር፣ ትንሽም ተቀይሜሽ ነበር። ሦስት ወር ይመረመራል፣ ከዚያ ገንዘቡ ይገባል ተባልኩ።

ኅዳር መሀል ላይ ውርጩ ጠና ሲል ዝዮቹን አረድን። እንደ ወትሮው የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ላባ ሊነቅሉልን መጡ። አሮጊቷ ማርዚያ እንደምታውቂያት ናት፤ ዝዮቹን አንድ በአንድ በእጇ እየመዘነች ትደረድራለች። ትልቁን ብድግ አድርጋ «ይሄ የሙኒራ ነው፣ ለብቻ አስቀምጡት። የቤቱ ሴት ልጅ ድርሻ አይነካም» አለች። ሴቶቹም «የሙኒራ ነው፣ የሙኒራ ነው» አሉ። ከእነሱ መሀል ስለ ወረቀቱ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ በር ላይ የውሃ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ። አፈርኩ እትዬ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ለእናቴ ልጅ የዝይ ድርሻ እየያዝኩ፣ ለቆርቆሮ ስል ባዳ ናት ብዬ የፈረምኩ ሰው ነኝ።

ያን ሌሊት ለዛሚራ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን «ለሚያፈሰው ሳፋው አለ፣ ሌላም ሳፋ እንገዛለን። ሂድና መልሰው» አለችኝ።

በማግስቱ ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ልጅቷ አወቀችኝ። ወረቀቱን መልሽልኝ ስላት ደነገጠች። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? አልቆ እኮ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሊጸድቅልዎት ነው!» አለች። አውቃለሁ፣ ግን ውሸት ነው የጻፍኩት፣ ስለዚህ ከቀጣሽኝም ቅጪኝ አልኳት። ግራና ቀኝ አየች፣ ያንን ቀደደችና ሌላ ነጭ ወረቀት ሰጠችኝ። «ሻጯ ታላቅ እህቴ ናት፤ ከአንድ እናትና ካንድ አባት ተወልደናል» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፌ አላማረም። ልጅቷ አንብባው «እህትዎ ዕድለኛ ናት» አለች። እኔ እንኳ አልመሰለኝም።

መልሱ ባለፈው ማክሰኞ መጣ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልሻለሁ። ዋናው ነው፣ ቅጂ አይደለም፤ ለእኔ አይጠቅመኝም። ጥያቄው ውድቅ ሆኗል ይላል። ሦስተኛው መስመር ላይ በእርሳስ አስምሬልሻለሁ፤ እሷን ብቻ ብታነቢ ይበቃኛል። ያ ያስቀየመሽ የቤት ውል አንቺን «ሻጭ» እኔን «ገዢ» ይለናል፣ ከዚያ ሌላ አንድም ቃል የለበትም። ይሄኛው ግን «ሻጯና ገዢው እህትና ወንድም በመሆናቸው» ብሎ ማህተም መትቶበታል። ብዙ ደክሜ ያገኘሁት ይሄንን ነው፤ ላንቺም የምልክልሽ ይሄው ነው።

ዝይሽ ደርቆ አልቋል፣ ሰኞ ይላካል። ዘንድሮስ አትመልሺው፤ ማርዚያ ብትሰማ አትለቀኝም።

ለራሺት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ሳሉን ቸል እንዳይል ንገሪው። ዲናራን ከነልጇ ሳሚልኝ፤ ሕፃኑን ሳናየው ሊያድግ ነው። ዛሚራ አብዝታ ሰላም ትልሻለች። ሳሪያ «አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው» ትላለች። ሻውካትም ሰላም ብሎሻል፣ ግን ወንድምሽ ሞኝ ነው በልልኝ ብሏል።

ጣሪያው አሁንም ያፈሳል፣ በስተግራ ጓዳው ላይ፣ አንቺ ትተኚበት ከነበረው አልጋ በላይ። አልጋውን ወደ መስኮቱ ስበን ሳፋውን በቦታው አድርገነዋል። በሩ ኋላ ያለው የካፖርትሽ ምስማር ግን ደረቅ ነው፤ ማንም ምንም አልሰቀለበትም።

ታናሽ ወንድምሽ ራዚፍ

ካራባይር መንደር
ዲሴምበር 11 ቀን 2016