ልጄን አፍ ስላስፈቱልኝ

ለተከበሩ የልዩ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ከርማችኋል እያልኩ፣ ጤና እንዲበዛልዎ፣ ድንገት ቢያምዎም እንኳ የሕመምዎ ስም በዝርዝር ላይ የሰፈረ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። ይህን ምኞት ለምን እንደመረጥኩ ዝቅ ብለው ያገኙታል።

እኔ የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር እናት ነኝ። የስምንት ዓመት ልጄ፣ ሐኪሞች ራሳቸው መጽሐፍ ገልጠው የሚያነቡለት ብርቅ የእድገት መታወክ አብሯት ተወልዷል። ቆማ የሄደችው በአምስት ዓመቷ ነው፤ እንቅልፍ የላትም፤ ንግግር አልነበራትም፤ ሳቅ ግን ስለሞላት ሰፈርተኛው «ፍልቅልቂት» ይላታል። ሳቋንም አንዱ ሐኪም የሕመሙ ምልክት ነው ብሎ ሊወስድብኝ ሞክሮ ነበር፤ አልሰጠሁትም።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው ነገር እናንተ ዘንድ እንደማይነበብ ተምሬአለሁና።

1. የልጄ ሕመም በዝርዝራችሁ ላይ ባለመኖሩ ተጨንቄ ስቆም፣ የመዝገብ ክፍል ባልደረባዎ እንደ ጫማ ሻጭ «የሷ ልክ የለም፣ እናቴ፤ የሚቀርባትን ይምረጡላት» ብላ ስለረዳችኝ አመሰግናለሁ። እኔ ሳመነታ ጊዜ እንዳይባክን ራሷ መርጣ «መስማት የተሳናት» ብላ መዘገበቻት። ይህቺ መስማት የተሳናት ልጅ ጓዳ ውስጥ የብስኩት ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ከደጅ ሰምታ ትደርሳለች።

2. በኮሪደራችሁ ላይ ስላለው፣ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነው አግዳሚ ወንበር አመሰግናለሁ። ለእኛ ለወላጆች ወገብ ባይመችም ልጄ ዥዋዥዌ አድርጋዋለች። ይህ ምዝገባ እንዲታረምልን እዚያ ተቀምጠን ተራችን ሲደርስ፣ በመስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ቀና ሳትል መዳፏን ወደ እኛ ዘርግታ «ነገ ይምጡ» ትለናለች፤ በነገው ስንመጣም ነገ ወደ ሌላ ቀን ተዛውሮ እናገኘዋለን። አንድ ሽማግሌ ባልደረባዎ ሲያልፉ አዝነውልኝ «አይዞሽ ልጄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለውኛል። ቃላቸው እውነት ነው፤ እንቁላሉ ሄዷል፣ አግዳሚው ላይ የቀረነው እኛ ነን።

3. ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ ይህ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከስፌት መኪናዬ ተነሥቼ፣ ገላዋን ላጥባት ብዬ ብጠራት፣ ቀና ሳትል መዳፏን ወደ እኔ ዘርግታ ጥርት ባለ ድምፅ «ነገ ይምጡ» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ስምንት ዓመት የጠበቅሁት ድምፅ ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አባቷ ከሥራ ሲገባ «እስቲ ለኔም በይኝ» ብሎ ለመናት፤ ለሱም አለችው፤ በደስታ እራቱን ረስቶት አደረ። የሰው ልጅ በእናቱ ቋንቋ አፉን ይፈታል፤ የኔ ልጅ ግን አፍ መፍቻዋ የጽሕፈት ቤትዎ ቋንቋ ሆነ። ያውም ከነጨዋነቱ ነው፤ እናቷን አንቱ የምትል ልጅ በሰፈሩ ከኔ ቤት በቀር የለችም።

4. በዚያው ምዝገባ በተመደበችበት ማሠልጠኛ ያለችው የንግግር አስተማሪዋ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ይህንኑ ለጽሕፈት ቤትዎ አሳወቀች። ኮሚቴያችሁም ፈጥኖ መከረ፤ ፈጣን መሆን እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው። «ተጠቃሚዋ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በአክብሮት መናገር በመቻሏ» ከንግግር ሥልጠናው እንድትሰናበት ወሰነ። ለማሠልጠኛው የተላከውን ግልባጭ ያነበበችልኝም ራሷ አስተማሪዋ ናት።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ያልቅብኛል። ይህ ሕመም የሰጠውን ቃል መልሶ የሚወስድ ነው። አስተማሪዋ እንደምትለው ቃሉ ካልተደጋገመና ሌላ ካልተጨመረበት ይህም አንዱ ይጠፋል። እሷና ልጄ አሁን የያዙት «እማ» የሚለውን ነው። ልጄ ከንፈሯን ገጥማ «ም» ማለት ጀምራለች፤ አፏን መክፈት ብቻ ቀርቷታል። እናንተ ልትዘጉት የወሰናችሁት ይህን ነው። ተናድጃለሁ፤ በጨዋ ቋንቋ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

5. አቤቱታዬን ይዤ መስኮቱ ዘንድ በቀረብኩ ጊዜ ስለተደረገልኝ መስተንግዶም አመሰግናለሁ። ሠራተኛዎ መዳፏን ዘረጋች፤ ልጄም ከጎኔ መዳፏን ዘረጋች፤ «ነገ ይምጡ» የሚለውን ሁለቱም እኩል አሉት። ጥበቃው ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሠራተኛዋ ግን አልሳቀችም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ልጄን አየቻት፤ ቀጥላ መስኮቱን ዘጋችው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። የልጄ የሥልጠና ቦታ አይወሰድባት። አንዱን ቃል እናንተ አስተምራችኋታል፤ ሁለተኛውን አስተማሪዋ ታስተምራት። ኮሚቴዎ ይህ ከበዛበት፣ እርስዎ ራስዎ መጥተው በአንድ ቃል ብቻ ውሃ ጠምቶኛል፣ ጥርሴን አሞኛል፣ እናቴን ጥሩልኝ ማለት የሚቻል መሆኑን ቢያሳዩን እኔም አብሬ እማራለሁ።

ወንበርዎ እንደኛው አግዳሚ እንዳይወላገድብዎ፣ ጉዳይዎም ሁሉ በዕለቱ እንዲፈጸምልዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

እማ ለመባል ተራዋን የምትጠብቅ፣
የፍልቅልቂት እናት

ማስታወሻ፦ ስንብቱ የሚጸናው ዋናውን ደብዳቤ ፈርሜ ስረከብ እንደሆነ ግልባጩ ላይ ተጽፏል፤ እስከዚያ ሥልጠናዋ ይቀጥላል። ደብዳቤውን የያዘው መልእክተኛዎም ሥራውን የሚያከብር ሰው በመሆኑ በየጊዜው ቤታችን ድረስ ይመጣል። ችግሩ፣ ደጁ ሲንኳኳ ቀድማ የምትሰማው ያቺ መስማት የተሳናት ልጅ ናት። በሩን ትከፍትና መዳፏን ትዘረጋለች፤ እሱም የመሥሪያ ቤቱ ቃል ስለሆነ «እሺ» ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ እንዳይቀየሙት፤ ልጄ ሌላ ቃል እስክትለምድ ድረስ፣ እባክዎ፣ ነገ ይምጡ።