ሱሪያቸው ሲሰፋቸው ደስ ያለን ሰሞን

ይህን ወረቀት ይዛችሁ የቆማችሁ ወዳጆቻችን፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምንሸኛቸው ባለቤቴ፣ ደንበኞቻቸው «ጋሽ ሜትር» የሚሏቸው ልብስ ሰፊ፣ ከአናጢ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው የዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ አጎታቸው ሱቅ ገብተው ስፌት ተማሩ። በሃያ ስድስት ዓመታቸው ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ሦስቱንም በዚያችው የስፌት መኪና አስተማሩ።

ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ስለሚውሉ፣ ለስላሳ መጠጥም ከአጠገባቸው ስለማይጠፋ እጅግ ወፈሩ። የዛሬ አራት ዓመት ስኳር ተገኘባቸው፤ ሐኪም ያዘዘላቸውንም ክኒን ሳያጓድሉ ይወስዱ ነበር።

አምና አንድ ደንበኛቸው ስብ ያቀልጣል፣ ስኳርም ያስተካክላል የተባለ እንክብል አመጣላቸው። በክፋት አይደለም፤ እሱም ይውጠው ነበር። ጋሽ ሜትር በየቅዳሜው ወገባቸውን ይለኩ ጀመር። በሁለት ወር ስድስት ሴንቲሜትር ቀነሱ። ያን ጊዜ የሐኪሙን ክኒን ተዉት።

ትልቋ ልጃቸው፣ «አባባ፣ ደምዎን ይለኩ እንጂ ወገብ ስለ ስኳር ምን ያውቃል?» ብትላቸው፣ «አንቺ ደግሞ! ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ስለካ መቼ ተሳስቼ አውቃለሁ?» ብለው ሳቁባት። ሱሪያቸውን ሦስቴ አጠበቡ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ውኃ ውኃ ሲላቸው፣ ሽንት ቤት ሲመላለሱ ሙቀቱ ነው አልን። ለካስ የሚያከሳቸው ሽቅብ የወጣው ስኳር ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ሱቃቸው ውስጥ ትንፋሻቸው ፈጠነ፣ ወሬያቸው ተምታታ፣ ወደቁ። ሆስፒታል ስንደርስ ስኳራቸው ከልክ በላይ ስለነበር መለኪያው ቁጥር አላወጣም። ነርሷ፣ «እናቴ፣ እሳቸው ምን ይወስዱ ነበር?» ስትለኝ የእንክብሉን ብልቃጥ ሰጠኋት። ሐኪሙም ገልብጦ አየውና ይህ የስኳር መድኃኒትን አይተካም አለን። ቅዳሜ ስኳሩ ወረደ ሲሉን እልል ልንል ነበር፤ ኩላሊታቸው ግን ደክሞ ኖሮ እሑድ ጠዋት አረፉ።

እኔን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ልፋታቸውን ያየ አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃኑ ያኑርልን፤ እኛንም ያጽናን።

እንክብሉን ያመጣላቸው ደንበኛ እዚሁ አብሮን ቆሟል፤ አትቀየሙት። ከመካከላችሁ የሐኪም መድኃኒቱን የተወ ካለ ግን አንድ ነገር ልለምነው፦ ዛሬ ቤቱ ሳይገባ ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ስኳሩን ይለካ።