ሽማግሌ የተላከበት ሥራ

ሰኞ

የልጄን ጫማ አላቃጠልኩም። ይህ በመጀመሪያ ይታወቅ። በረንዳ ላይ ነዳጅ አርከፍክፋ አነደደችው የሚሉኝ ሰዎች የዚህን አፓርታማ በረንዳ አያውቁትም፤ ሁለት ወንበር ካስቀመጡበት ሌላ ነገር አይችልም። የሆነው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ሽንኩርት እያቁላላሁ ስልክ ተደወለ፤ ሽንኩርቱ አረረ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ የሕንፃው ሰው ሁሉ ወደ ደረጃው ወጣ። አንዋርም ጫማውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ ወጣ። የቀረውን እነሱ ጨመሩበት።

ወሬውን የነገረችኝ ጎረቤቴ ፋጡማ ናት። ዛሬ ከምትሠራበት ሱቅ ደውላ፣ "እትዬ ዘሃራ፣ አቃጠሉት አሉ! ወላሂ ደግ አደረጉ!" አለችኝ። ያቃጠልኩት ሽንኩርት ነው አልኳት። ቅር ያላት መሰለኝ።

ጫማው አሁንም በሩ አጠገብ ነው። ጥቁር ነው። ቆዳው ጥሩ፣ ስፌቱ ንጹሕ፤ ታኮው አራት ጣት ይሆናል። የሴት ጫማ ነው፣ በወንድ እግር ልክ የተሠራ። አንዋር ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ያለኝም እሱ ብቻ ነው። ዓመታቱን ያሳለፈው በዕቃ መጋዘን፣ በሌሊት ፈረቃ፣ ሰው በማያየው ቦታ ነው። ረቡዕ ብሩክሄቨን ሰፈር በሚገኝ አንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ ለመሆን ለቃለ መጠይቅ ይቀርባል። በዚህ ጫማ።

"መጀመሪያ በወንድ ጫማ ግባ፣ ሥራውን ያዝ፣ ከዚያ እንደፈለግህ" አልኩት።

"እማዬ፣ እንደዚያማ ካደረግኩ እነሱ ሌላ ሰውዬ ቀጥረው፣ ሥራ የምጀምር ቀን እኔ ልመጣባቸው ነው" አለኝ።

ተነስቼ ያልቆሸሸ ሳህን አጠብኩ።

የሚያስጨንቀኝ፦ ባቡር ላይ የሚሳደብ ሰው። የመስጊድ ሰዎች። ዝናብ ከመጣ ደረጃው። አባቱ በሕይወት ቢኖር ምን ይል ነበር የሚለው። የመጨረሻውን ልሰርዘው ነበር። ይቆይ።

ማክሰኞ

ከሥራ መጥቶ ጥቂት ከተኛ በኋላ ሳሎን ውስጥ መራመድ ጀመረ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከታች ያለው ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ደበደበ። እኔ ቁርአን ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ አንዱን አንቀጽ መላልሼ አነበብኩት፤ ልቤ እዚያ አልነበረም።

አረማመዱን ማየት አልቻልኩም። ሸክም የበዛባት ግመል ነው የሚመስለው።

እኔ የጽሕፈት ሥራ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ታኮ ያላደረገች ልጅ ለቢሮ ልምምድ አትላክም ነበር። መምህራችን በር ላይ ቆማ አንድ በአንድ ታሳልፈናለች፤ ጉልበቷን ያጠፈች ልጅ ተመልሳ እንደገና ትራመዳለች፤ ማልቀስ ይቻላል፣ ማንከስ አይቻልም። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ በታኮ ሠራሁ። የእግሬ ጣቶች እስከ ዛሬ አንዱ በአንዱ ላይ እንደተጫኑ ናቸው። አሳፋሪ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። ያለ እሱ ደግሞ የሚቀጥረኝ አልነበረም።

ስለዚህ መጽሐፉን ዘጋሁና ተናገርኩ። "ተረከዝህን አስቀድም። እርምጃህን አሳጥር። ጉልበትህን ቀጥ፣ ትከሻህን ላላ አድርግ። መሬት መሬቱን አትይ፤ ወርቅ አልጣልክም።"

ቆመና ሳቀብኝ። "እየከለከልሽኝ ነው ወይስ እያስተማርሽኝ?"

"መከልከሉን አልተውኩም። ግን ነገር ተበላሽቶ ሲሠራ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።"

በትክክል ልጻፈው፦ ጫማውን አልወደድኩትም። አረማመዱን ማስተካከል ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ ማታው ላይ ከመስኮቱ እስከ ወጥ ቤቱ እንደ ሰው ሄደ። ከታች ያለው ሰውዬም ዝም አለ።

ረቡዕ

ሸሚዙን እኔ ተኮስኩ፤ ኮሌታው ላይ እሱ አይችልም። ጥቁር ሰማያዊ ሱፉን ለበሰ። በመስኮት አየሁት። እስከ መታጠፊያው ድረስ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ አልዞረም።

ዙሁር ሰገድኩ። አልመጣም። ቻምብሊ ባቡር ጣቢያ ገብቶ የሚቀጥለው ላይ ነው የሚወርደው፤ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ወጡ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመርኩ።

መጣ። ፊቱ በርቷል። እንዲህ ያለ ፊቱን ካየሁ ቆይቻለሁ።

ባቡር ላይ ሁለት ጎረምሶች ሳቁ፤ አንደኛው ስልኩን አንስቶ ቀረጸው። "ዝም አልክ?" ስለው "ይቅረጽ፤ አረማመዴ ተስተካክሏል" አለኝ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሴት ናት፤ ጠፍጣፋ ጫማ ነው ያደረገችው። እግሩን አየችና፣ እኔ በዚህ ከጠዋት እስከ ምሳ እንኳ አልቆምም፣ አንተ እንዴት ልትችል ነው አለችው። ስለ ጫማው የተባለው ይህ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የተናደደ እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ፣ ሠራተኛ ሲቀር እንዴት እንደሚሸፍን ጠየቀችው። ዓርብ ከሆቴሉ ባለቤት ጋር እንዲነጋገር ቀጠረችው። ጸባዩን የሚያውቁ ሰዎች ስምም እንዲሰጣት ጠየቀችው።

"ኢንተርቪው ሳይሆን ወሬ ነበር የሚመስለው፣ ወላሂ" እያለ ሁለት ሳህን በላ። ጨዉን እንኳ አላስተዋለም። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ለሥራው ነው ወይስ ለፊቱ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ለፊቱ ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። እዚያ ሆቴል ሻንጣ የሚያመላልስ የእኛ ሰው አይቶታል። መግሪብ ሳይደርስ ሐጂ ሰይድ ደወሉ። ሐጂ ሰይድ በዚህ የስደት ከተማ የወሎ ሰዎች ታላቅ ናቸው፤ ለጋብቻም ለዕርቅም የሚላኩት እሳቸው ናቸው። "ነገ እንመጣለን፣ ሳይመሽ" አሉ። አይሆንም ማለት አይቻልም።

ሐሙስ

አንዋር የዓርብን ፈረቃ ከጓደኛው ጋር ስለተለዋወጠ በቀን ሥራ ገባ። ሽማግሌዎቹ የመጡት እሱ በሌለበት ነው። ሦስት ናቸው፦ ሐጂ ሰይድ፣ ታክሲ ይነዱ የነበሩት አቶ ኢብራሂም፣ ሌላው ደግሞ ከሐጂ አፍ ቃል ሲወጣ ራሳቸውን የሚነቀንቁ ሰው።

"አንድ ልጅ ነው ያለዎት። ዝም ይላሉ?" አሉኝ ሐጂ።

"ዝም ብዬ አላውቅም፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ።"

"ቁመት አንሶት ነው እንዴ?" አሉ አቶ ኢብራሂም። "አባቱ እኮ ዛፍ ያህል ነበር።" ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሐጂ ሰይድ አቶ ኢብራሂምን ገላመጧቸው፤ እሳቸውም ሻያቸው ላይ አቀረቀሩ።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ሆቴሉ ጸባዩን የሚያውቁ ሰዎች ጠይቋል። ከእነዚህ የበለጠ ማን ያውቀዋል? አባቱ ሲሞት አስከሬኑን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ለሚስት ሽማግሌ ይላካል፤ ደም የተቃባም በሽማግሌ ይታረቃል፤ ለእንጀራ ሲሆን ምን ነውር አለው? ያልኳቸው ይህ ነው፦ ሐቀኛ መሆኑን፣ እናቱን መጦሩን፣ ከሥራ ቀርቶ አለማወቁን ይንገሩ። ስለ ጫማው አንድ ቃል እንዳይወጣ።

ሐጂ ደረታቸውን መቱ። "ስለ ጭንቅላቱ እንናገራለን እንጂ ስለ እግሩ ምን አገባን!"

ወዲያው ተነሱ። ሐጂ ነጭ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። አቶ ኢብራሂም እንግሊዝኛ ስለሚችሉ አስተርጓሚ ሆኑ፤ መኪናውንም የሚነዱት እሳቸው ናቸው። ባዶ እጅ አይኬድም ብለው መንገድ ላይ ተምር ሊገዙ ተስማሙ።

ለአንዋር አልነገርኩትም። ሲሳካ ከእነሱው አፍ ይሰማዋል ብዬ ነው። ደስ ብሎኝ አመሸሁ።

ዓርብ

አንዋር ከቀጠሮው ቶሎ ተመለሰ። ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ አልሰማሁም፤ በሩ ሲከፈት ጫማው በእጁ ነው።

"እማዬ፣ ማን ነው የላካቸው?"

"እኔ።"

ተቀመጠና ነገረኝ። የሆቴሉ ባለቤት ነው የነገረው። ሦስት ሽማግሌዎች መቀበያው ፊት ቆመው ሥራ አስኪያጇ እስክትመጣ አንቀመጥም አሉ። መጣች። ተምሩን ሰጧት። ሐጂ የተናገሩትን አቶ ኢብራሂም ተረጎሙ፤ ሐቀኛ ነው፣ እናቱን ጧሪ ነው፣ ሁሉም እንዳልኩት። እሷ ዝም ብላ ሰማች። አክብራቸው ነበር ዝም ያለችው። በእኛ ሽምግልና ግን ወዲያኛው ወገን ዝም ካለ እምቢ ማለቱ ነው፤ ቃል ይጨመርለታል። ሐጂ ጨመሩ። ዝም አለች። እንደገና ጨመሩ። በመጨረሻ፣ ጫማውን እናስጥለዋለን፣ ቤተሰቡም አፍሮበታል፣ ለዚህ እኛ ዋስ ነን አሉ። ባለቤቱ ያኔ ከኋላ ቆሞ ይሰማል።

ዛሬ አንዋርን ያለው ይህን ነው፦ አንተን አልጠላሁም፤ የቤተሰብ ጠብ ግን እንግዳ መቀበያዬ ላይ እንዲመጣ አልፈልግም። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

"ጫማውን ምንም አላሉትም ነበር እኮ" አለኝ። "እነሱ እስኪመጡ ድረስ ጫማ ብቻ ነበር።"

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። እንዳይናገሩ ነግሬያቸው ነበር አልኩት። "ነግረሻቸዋል። እኔን ግን አልጠየቅሽኝም" አለና ክፍሉ ገባ። ምሳውን አልነካም። ለሐጂ ሰይድ ከጁምዓ ሲመለሱ እደውልላቸዋለሁ ብዬ ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ብዬ? የላክኋቸው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ

ራሳቸው ሐጂ ደወሉ። "ሥራው ቀረ አሉኝ። ለበጎ ብለን ነው፤ ሴትዮዋ አልበረደችም ነበር" አሉ።

"ሴትዮዋ አልተቆጣችም ነበር፣ ሐጂ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አለች?"

"እያዳመጠች ነበር።"

እሳቸውም ሰው ናቸው፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። "በሉ አንዋርን አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ በሉልኝ፤ መጥቼ ልታረቀው" አሉኝ። እባክዎ ሐጂ፣ አሁን ማንም ወደ ማንም አይሂድ አልኳቸው። እንዲህ ብዬ መልሻቸው አላውቅም።

አንዋር ከተማ ዳር ወዳለው ሮዝዌል ሄደ። አብሮት የሚሠራ ልጅ ትርፍ ክፍል አለው። ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ጠየቅኩት፤ "እናያለን" አለ። ሻንጣውን ሲዘጋ ሸሚዞቹን አጥፌ ሰጠሁት፤ ተቀበለኝ። ጫማውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከላይ አደረገው። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። መርቄው የማላውቅበት ቀን የለም፤ ዛሬ ግን እጄን ራሱ ላይ ብቻ አሳረፍኩ። መኪናው ከሄደ በኋላ ምርቃቱን ሁሉ አንድ በአንድ አልኩት። ሰሚው አላህ ነው፤ ይሁን።

ፋጡማ በሳህን ሸፍና ምግብ አመጣች። "ተባረረ አይደል?" አለች በሹክሹክታ።

"አልተባረረም። ሄደ።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው እትዬ?"

ሳህኑን ተቀበልኳት። ልዩነቱን አታውቀው እንደሁ እንጃ። ምግቡን ግን ለሁለት ሰው ነው ያመጣችው።

እሑድ

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ከታች ያለው ሰውዬ ደረጃ ላይ አግኝቶኝ ልጅሽ ደህና ነው ወይ አለኝ። መጥረጊያ የሚያነሳብን ሰው ነው። ደህና ነው አልኩት።

ከአስር ሶላት በኋላ ከአንዋር የጽሑፍ መልእክት መጣ። "ደህና ነኝ እማዬ። በዚህ ሳምንት ሌላ ኢንተርቪው አለኝ። ዱዓ አድርጊልኝ።"

የት እንደሆነ አልጻፈም። መጀመሪያ የረሳው መሰለኝ። ልጠይቀው ጣቴን አነሳሁ። ከዚያ ገባኝ። አልረሳም። የት እንደሆነ ካወቅኩ ሰው እልካለሁ ብሎ ነው።

ተቀምጬ አለቀስኩ። ብዙ አይደለም። ፊቴን ታጥቤ፣ ዱዓዬን አድርጌ፣ "እሺ" ብዬ ጻፍኩለት። ሌላ ቃል ልጨምር ነበር፤ አልጨመርኩም።

ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤ መጻፍ ይቻለኛል፤ እንግሊዝኛዬ ለዚያ ይበቃል። ሽማግሌዎቹን የላክኋቸው እኔ ነኝ፣ ልጄ አያውቅም ነበር፣ አላፈርኩበትም ብዬ። የመጨረሻው እውነት ነው ወይ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ግን ይህም ሳይጠይቁት የሚደረግ ነገር ነው።

ስለዚህ ነገ መጀመሪያ፦

ከሱብሂ በኋላ አልደውልም፤ ይተኛ።
ሲነቃ እደውልለታለሁ። ስለ ቃለ መጠይቁ ቦታ አልጠይቅም።
ደብዳቤውን ልጻፍ ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ።
ጻፊ ካለኝ፣ እጽፍና ከመላኬ በፊት አነብለታለሁ።
አትጻፊ ካለኝ፣ አልጽፍም።
ዝም ካለ፣ ምንም ሳልጨምር እጠብቀዋለሁ።